ቢጉዲን ውስጥ ያደጉት ክሬይፊሾች

ሪታየር ካደረግሁ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙኝ ሰዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ አላቸው። የት ሆስፒታል ነበር የምትሠሪው ይሉኛል። ሆስፒታል ነው ወይ ብሎ የሚጀምር የለም። ሚኒያፖሊስ ውስጥ የእኔ እኩያ የሆነች ሐበሻ ወይ ሆስፒታል፣ ወይ ነርሲንግ ሆም፣ ወይ ኤርፖርት ነው የሠራችው ተብሎ ይታመናል። እውነቱን ስነግራቸው ደግሞ ሰው ሁሉ ሌላ የሚያናግረው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ አንዴ በወረቀት ላስቀምጠውና ልገላገል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመት ከገባ ወዲህ ያለውን የሥራ ዘመኔን ከሞላ ጎደል ያሳለፍኩት አንድ ኮሌጅ ምድር ቤት ውስጥ ክሬይፊሽ ስጠብቅ ነው።

ክሬይፊሽ በአማርኛ ስም የለውም፤ ቢኖረውም እኔ አልሰማሁም። እንደ መሐል ጣት የሚረዝም፣ ከፊቱ ሁለት መቆንጠጫ፣ ከኋላው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ጭራ ያለው፣ ሐይቅና ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ሥር የሚኖር ፍጥረት ነው። መጀመሪያ ሸርጣን ነው እያልኩ ሞከርኩ፤ ሸርጣን ክብ አይደለም ወይ አሉኝ። ትንሽ ሎብስተር ነው አልኩ፤ ሎብስተር ደግሞ ምንድነው አሉኝ። በመጨረሻ እታለም የምትባል ወዳጄ አንድ ቀን ልትጠይቀኝ ሥራ ቦታዬ መጥታ በመስታወቱ አየችውና ነገሩን በራሷ መንገድ ጨረሰችው። "ጥሩወርቅ ጊንጥ ታረባለች" ብላ ለጉባኤው አስወራች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል፣ አጠገባቸው ስቀመጥ ቦርሳዬን ከእግራቸው ራቅ የሚያደርጉ ሴቶች ነበሩ።

እኔ ራሴ ከእታለም የተሻልኩ አልነበርኩም። ኮሌጁ የቀጠረኝ ለጽዳት ነው፤ የጠዋት ሺፍት። አንድ የክረምት ጠዋት የምድር ቤቱን ኮሪደር ስወለውል አንድ ነገር ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሲመጣ አየሁ። ጊንጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። መወልወያውን ጥዬ ባልዲዬን ደፋሁበት። ነገር ግን ባልዲው ፕላስቲክ ነው፣ ፍጥረቱም ከውስጥ ይቧጥጣል። ከፍቶ የሚወጣ ስለመሰለኝ ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ። ስልክ የለኝም፣ ሰው የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ቁጭ ብዬ ለማውቃቸው ቅዱሳን በየተራ ስሳል ቆየሁ።

የመጣው እዚያው ምድር ቤት የክሬይፊሾቹ ጠባቂ የነበረው ኤልመር ነበር። ስልሳውን ያለፈ፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ አንድ የሱፍ ቆብ የሚያደርግ ሰው። ባልዲ ላይ የተቀመጠች ሴት ሲያይ አልገረመውም። ተነሺ አለኝ፣ ባልዲውን ገለበጠና ክሬይፊሹን ከመቆንጠጫዎቹ ኋላ፣ ወገቡ ላይ በሁለት ጣቱ አነሳው። እንስሳው እጁ ላይ ሊደርስ ቢታገልም አልቻለም። ከዚያ ኤልመር ወደ እኔ ዞረ።

"ለምን አልገደልሽውም?"

"የማን እንደሆነ አላወቅኩም" አልኩት። "የሰው ንብረት ቢሆንስ?"

ክሬይፊሹን ይዞ ሄደ። ነገር ግን በጸደይ ረዳቱ ሥራ ሲለቅ፣ ኤልመር ከፎቅ ፎቅ እየዞረ ባልዲ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ሲፈልግ ሰነበተ። ደመወዙ ከመወልወያው ትንሽ ይሻል ነበር፤ ስለ ደመወዝ ይኸው ይበቃል።

በአማርኛ ሳስበው ኤልመር ሁልጊዜ "እሳቸው" ነበሩ። እንግሊዝኛ ግን ትልቅና ትንሽ አይለይም፤ በልቤ እርስዎ እያልኩ በአፌ "ዩ" እለው ነበር። ይህን አንድ ቀን ባስረዳው ሳቀና፣ እኔ "እሱ" ነኝ አለኝ። እዚህም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ ብዙ ሳይናገር ነው። ክሬይፊሾቹ ወደሚኖሩባቸው የመስታወት ታንኮች ክፍል ሲገባ በሩን አንኳኩቶ ትንሽ ይቆማል። ማን እንዲከፍትልህ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ሳይደነግጡ እንዲደበቁ ነው አለኝ፤ የደነገጠ ክሬይፊሽ እግሩን ጥሎ ይሸሻል። ውሃውን በመመርመሪያ ወረቀት ከማየቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ያሸተዋል። የከተማው የቧንቧ ውሃ ማጽጃ ስላለበት ተቀድቶ፣ ማጽጃውን የሚያከሽፍ መድኃኒት ተጨምሮበት፣ አድሮ ነው የሚገባላቸው። ሎሽን መቀባት ክልክል፣ ሽቶ ክልክል። እጁን ታንክ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት እንደ ቀዳሽ ካህን ታጥቦ፣ ታጥቦ፣ በባዶ ውሃ ደግሞ ይታጠባል። መዝገቡን በእርሳስ ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል።

ወንዱን ከሴቷ መለየትም ከእሱ ተማርኩ። ገልብጠህ ሆዱን ስታየው ወንዱ ከእግሮቹ ኋላ ወደ ፊት የተዘረጉ ሁለት ጥንድ ጠንካራ ዘንጎች አሉት፤ ሴቷ የላትም። ሲያድጉ ልብሳቸውን እንደሚያወልቁ ያወቅኩት ግን በድንጋጤ ነው። አንድ ጠዋት አንዱ ሞቶ አገኘሁና በጣም አዝኜ በሳህን ይዤ ለኤልመር አቀረብኩለት። ባዶ ቅርፊት ነበር። ባለቤቱ እንደ ቅቤ ለስልሶ ድንጋይ ሥር ተደብቋል። ኤልመር ቅርፊቱን ተቀብሎ ወደ ታንኩ መለሰው። ውስጡ ላለው ኖራ ሲል ራሱ ይበላዋል አለኝ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

የሁለታችንም አለቃ፣ ክሬይፊሾቹን የምታጠናው ዶክተር ካረን ነበረች። ወጣት፣ ብልህ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ መነጽር የምትፈልግ ሴት። ክሬይፊሾቹ አንዱ ከአንዱ እንዲለይ ጀርባቸው ላይ ምልክት ያስፈልጋታል። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ጥፍር ቀለም ሆኖ ተገኘ፤ ውሃ አያስለቅቀውም። ስለዚህ እኔ፣ በሕይወቴ ጥፍሬን ቀብቼ የማላውቅ ሴት፣ ሱቅ ሄጄ አሥራ ሁለት ዓይነት ጥፍር ቀለም ገዛሁ። መክፈያው ጋ ቆሜ ዞር ስል እታለም ከኋላዬ ተሰልፋለች። ቅርጫቴን አየችው። ለክሬይፊሾቹ ነው አልኳት። እሁድ ዕለት የንስሐ አባቴ ለብቻዬ ጠርተው ደህና መሆኔን ጠየቁኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከከተማው በስተሰሜን አንድ ትንሽ ሐይቅ አለ። እዚያ ከጥንት የነበረው የአገሩ ክሬይፊሽ ነው፤ መቆንጠጫው ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላ፣ ነጫጭ ኪንታሮት የመሰለ ነገር የወጣበት። ከሌላ ክፍለ ሀገር በዓሣ አጥማጆች ባልዲ ተጭኖ የመጣ ሌላ ዘር ደግሞ አለ፤ ጎንና ጎኑ ላይ የዝገት ነጠብጣብ የመሰለ ምልክት አለው። እኔና ኤልመር "ዝገቱ" እንለዋለን። ዝገቱ ጉልበተኛ ነው፤ የገባበትን ሐይቅ ሣሩን አጭዶ፣ ነባሩን ከድንጋዩ ሥር እያስወጣ ለዓሣ ይሰጠዋል። የአገሩ ክሬይፊሽ ከሚኒሶታ አልጠፋም፣ በብዙ ቦታ ሞልቷል። ከዚያ ሐይቅ ግን ሊያልቅ ነበር። ዶክተር ካረን የዚያን ሐይቅ ዘር ለማትረፍ ፈቃድ አወጣች፤ የፈቃዱ ወረቀት ከክሬይፊሹ ይከብድ ነበር። አንድ ጸደይ ወጥመድ ስንጥል ሰንብተን ሰባት ሴቶች አገኘን። ሰባቱም ጭራቸው ሥር እንደ ጥቁር ወይን ዘለላ እንቁላል ይዘዋል። በሚቀጥለው ወጥመድ የወጣው ሁሉ ዝገት ነበር።

ሰባቱን እኔ ነኝ የምጠብቃቸው። ቀለም ቀባኋቸው፤ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ወይን ጠጅ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። እንቁላላቸውን በጭራቸው ሲያራግቡ እያየሁ ቡናዬን እጠጣ ነበር።

በዚያው ሰሞን ክፍሉ ውስጥ ጉንዳን ገባ። በማግስቱ ፈቃዱን የሰጡት የመንግሥት ሰዎች ሊጎበኙን ነው። ኤልመር ያን ቀን ጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበረው። እኔ ደግሞ እንግዳ በጉንዳን መካከል የሚቀበል ቤት አላደግሁም። ከጽዳት ክፍል አንድ ቆርቆሮ ፍሊት አመጣሁ፤ ታንኮቹን በፎጣ ሸፈንኩ፤ ግድግዳው ሥር፣ በጣም በጥንቃቄ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነፋሁ። ጉንዳኖቹ ሞቱ። ደስ ብሎኝ ኮሪደሩን ልጠርግ ወጣሁ።

ስመለስ ከፎጣው ሥር የውሃ መንቦጫረቅ ሰማሁ። ገለጥኩት። በጀርባቸው ተገልብጠዋል፣ እግራቸው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጭራቸው በከንቱ ይመታል። አንዷን አንስቼ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከተትኩ፤ ሌላዋን ከተትኩ። እጄ ላይ ሞቱ። ሁለት ብቻ ቀሩ፤ እነሱም ታንካቸውን ላጸዳ ጠዋት አውጥቼ ጎረቤት ክፍል ባልዲ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው ነበሩ።

ኤልመር ከሰዓት በኋላ ጉንጩ እንዳበጠ መጣ፤ የማደንዘዣው መርፌ ገና አልለቀቀውም። በሩ ላይ ቆመ። ሳያንኳኳ ገባ። አሸተተ።

"ይሄ ፓምፕ አየሩን የሚስበው ከየት ነው?" አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ፓምፑ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ፍሊት የነፋሁበትን አየር እየሳበ በቱቦ ታንኩ ውስጥ ሲያስገባ ነበር። በፎጣ የሸፈንኩት መርዙን ከላይ ልከላከል ብዬ ነው፤ እሱ ከታች ገባ።

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቆቡን አወለቀ፤ ያለ ቆብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፣ ራሱ እንደ እንቁላል ነጭ ነው። መዝገቡን ከፍቶ እርሳሱን ሰጠኝና አንቺ ጻፊው አለኝ። በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ "ፍሊት ነፋሁ። አምስት እናቶች ገደልኩ። ሁለት አሉ" ብዬ ጻፍኩ። አነበበው፣ አንዲት ፊደል አረመና መዝገቡን ዘጋው። ከዚያ ሳንድዊቹን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ፤ ጉንጩ ስለደነዘዘ የራሱን በደንብ ማኘክ አልቻለም።

በማግስቱ፣ የመንግሥት ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ለዶክተር ካረን ወደ መወልወያዬ እመለሳለሁ አልኳት። ዓይኗ እንዳበጠ ያስታውቃል። እሷ መልስ ሳትሰጥ ኤልመር ከበሩ ላይ ተናገረ።

"ሁለቱን ታዲያ ማን ያበላቸዋል?"

እኔ ነኝ ያበላኋቸው። ብርቱካኗ በሳምንቱ እንቁላሏን ሁሉ አራገፈች፤ ምክንያቱን አላወቅንም። ወይን ጠጇ ብቻ ቀረች። ለእሷ ብዬ ያደረግሁትን ለልጄም አላደረግሁትም። አተር ልጬ ሰጠኋት። የክፍሉን ራዲዮ ዘጋሁ። በሩን ሳንኳኳ ቆሜ የምጠብቀው ከኤልመር የበለጠ ረዘመ። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳያት፣ ጭራዋ ሥር ያለው ጥቁር ነገር ዓይን አውጥቷል። እንደ ሩዝ ፍሬ ያነሱ፣ ውስጣቸው የሚታይ፣ መቆንጠጫ ሳይቀር የተሟላላቸው ክሬይፊሾች እናታቸው ላይ ተንጠልጥለዋል። ኤልመርን ጠራሁት። ረጅም ጊዜ አየና አንድ ቃል አለ፤ "ደህና"። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ሲያድጉ መጣ። ክሬይፊሽ ልብሱን ባወለቀ ጊዜ ለስላሳ ስለሚሆን ወንድሙ ይበላዋል። ለእያንዳንዱ መደበቂያ ያስፈልገዋል። የቧንቧ ቁራጭ ብንሞክር ለእነሱ በጣም ሰፊ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ኮሎምቢያ ሃይትስ አፓርትማዬ ውስጥ ጠጉሬን ተጠቅልዬ ተቀምጬ ሳለ ከራሴ ላይ አንዱን ቢጉዲን ፈታሁና አየሁት። ፕላስቲክ ነው፣ ወንፊት ነው፣ ጠባብ ነው። ያለኝን ሁሉ አፍልቼ፣ ሰባት ጊዜ አለቅልቄ ሰኞ ይዤ ሄድኩ። በሰዓታት ውስጥ በየቢጉዲኑ አንዳንድ ክሬይፊሽ ገብቶ ሁለት ቀጭን ቀንድ ብቻ ያሳያል። ባይበቃኝ የልጄን የሰላምንም ወሰድኩ። ሰላም እዚህ የተወለደች ናት፤ በአማርኛ ስቆጣት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። "ማም፣ ሲሪየስሊ?" አለችኝ። የምረቃ ፎቶዋ ላይ ጠጉሯ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚጠይቁ አሁንም አሉ።

በመከር ሠላሳ አራት ልጆች ደረሱልን። ወደ ሐይቁ መመለስ አይቻልም፤ ዝገቱ ሞልቶታል። ዶክተር ካረን ዶሪስ የምትባል የገበሬ ባልቴት አገኘች፤ እርሻዋ ላይ ከየትም የማይገናኝ፣ ድሮ ጠጠር የወጣበት ኩሬ አላት። ወረቀቱ አለቀ፣ ቀኑ ተቆረጠ። በቀኑ የኮሌጁ ቫን አልነሳም አለ። ክሬይፊሾቹ ከነእናታቸው ኩለር በሚሉት የማቀዝቀዣ ሣጥን ተጭነዋል፣ ውሃቸው ይሞቃል። ለጎረቤቴ ለቶላ ደወልኩ።

ቶላ ታክሲ ነጂ ነው፤ የወለጋ ልጅ፣ ሰው አክባሪ። ዓሣ መሰለው። ኤልመር ከፊት፣ እኔ ኩለሩን ታቅፌ ከኋላ ሆነን መንገድ ጀመርን። ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ለማየት ክዳኑን ከፍቼ ዘጋሁ። ያኔ ነው መሰለኝ አንዱ የወጣው። ሀይዌይ ላይ ቶላ በጣም በጸጥታ "እትዬ ጥሩወርቅ፣ እግሬ ላይ አንድ ነገር እየሄደ ነው" አለኝ። እንዲህ እያለ ፍሬቻ አብርቶ፣ መስታወት አይቶ፣ ዳር ይዞ፣ አቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶ ወረደ። ከዚያ ሣሩ ላይ ሄዶ ቆመና አልመለስም አለ።

እኔና ኤልመር በአራት እግራችን ሆነን ወንበር ሥር ስንፈልግ የሀይዌይ ፖሊስ ከኋላችን ቆመ። ሣር ላይ የቆመ ሾፌር፣ የተከፈቱ አራት በሮች፣ ወደ ውጭ የቀሩ ሁለት የሰው መቀመጫዎች። ምን እንደጠፋብን ጠየቀ። ኤልመር ሳይነሳ ክሬይፊሽ መሆኑን፣ የአገሩ ዘር መሆኑን፣ ፈቃዱም በእኔ ቦርሳ ውስጥ መሆኑን አስረዳው። ፖሊሱ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከዚያ ባትሪውን አውጥቶ ተንበረከከ። ያገኘውም እሱ ነው፤ ከፍሬኑ ሥር። ጣቱን ነከሰው፤ ቶላ ከሣሩ ላይ ሆኖ "አልኳችሁ" አለ።

ዶሪስ ኩሬው ዳር ጠበቀችን። ኤልመር ኩለሩ ውስጥ የኩሬውን ውሃ በጣሳ በጣሳ እየጨመረ ግማሽ ሰዓት አስጠበቀን፤ ሙቀቱ በአንዴ እንዳይለወጥባቸው ነው። ከዚያ አልወረወራቸውም። ኩለሩን ዳር ላይ ጋደም አደረገው፣ እያንዳንዱ በራሱ እግር ሄዶ ገባ። ወይን ጠጇ ከሁሉ ኋላ ወጣች። ቀለሟ ተላልጦ ትንሽ ብቻ ቀርቷል።

በቀጣዩ ዓመት ወጥመድ ጣልን። ባዶ። በሚቀጥለውም ባዶ። ኤልመር ትናንሾች ስለሆኑ በወንፊቱ ያልፋሉ አለ፤ ነገር ግን ሲለው አላየኝም። እሱ ሪታየር አደረገ፣ ጉልበቱም ከዳው፣ ሪችፊልድ ያለ የአረጋውያን ቤት ገባ። ሦስተኛውን ዓመት ወጥመድ ሳልጥል ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። እነዚያንም እኔ እንደገደልኳቸው ከማረጋገጥ አለማወቅ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ልሰናበት ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አንድ ጠዋት የክፍሉ ስልክ ጮኸ። ዶሪስ ናት፣ ተቆጥታለች። አቤቱታ ማቅረብ እፈልጋለሁ አለች። የልጅ ልጆቿ ኩሬው ውስጥ መዋኘት አቁመዋል፤ የእግራቸውን ጣት የሚቆነጥጥ ነገር አለ። ድንጋይ ስታነሳ አምስት፣ ሌላ ስታነሳ ስድስት። ጀልባ የምታስርበት ሥር ሁሉ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል።

"ይቅርታ፣ አልሰማሁም" አልኳት። "እንደገና ይበሉልኝ።"

እንግሊዝኛው ያልገባኝ መሰላት። ድምጿን ከፍ፣ ንግግሯን ቀስ አደረገች። "ቱ... ሜኒ... ክሬይፊሽ" አለችኝ።

በጣም እናዝናለን አልኳት። አፌ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እንባዬ መዝገቡ ላይ ይወርዳል። ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ዝገቱም ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን፣ በኋላ በገዛኋት መኪና ድራይቭ አድርጌ እርሻው ደረስኩ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ሳነሳ ሥሩ አንድ አለ። ወገቡን ይዤ ወደ ብርሃን አወጣሁት። ጎኑ ንጹሕ ነው፣ ነጠብጣብ የለም። መቆንጠጫው አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ነጫጭ ኪንታሮት ያለበት። ሁለተኛውም እንደዚያው። አሥረኛውም።

እግሬ እንደረጠበ በቀጥታ ሪችፊልድ ሄድኩ። ኤልመር መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፣ ቆቡን አድርጎ። መጀመሪያ የመቆንጠጫውን ቀለም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ ዶሪስ ያለችውን እንዳለችው እንድነግረው ፈለገ። በእሷ ድምፅ ቀስ አድርጌ ነገርኩት። ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩት። ሦስተኛውን ስጀምር ዓይኑን ጨፍኗል። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ መሐል ላይ ዝም አልኩ።

"ቀጥዪ" አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። "'ቱ ሜኒ' የሚለው ገና አልደረሰም።"